ቀለም የተቀባ ካርታ ሁሉ ማስረጃ አይደለም

ዛሬ ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ከራሳችን እንጀምር።

በቅርቡ አንድ ማታ ካርታ ለጥፈን ነበር። ርዕሱ "የ2013 አገር አቀፍ ምርጫ ውጤት" ይላል። አገሪቱ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቀለም ተቀብታለች፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ነጠብጣብ ጣል ጣል ተደርጎባታል። ሼሩ እንደ ጉድ ሄደ። ግማሹ "ይኸው ተመልከቱ!" እያለ፣ ግማሹ "ይሄ ነው ዴሞክራሲ?" እያለ ተቀባበለው። ሰዓት ሳይሞላ አንዲት እህታችን ከሥር አንድ መስመር ጻፈች፦ "ትግራይ ላይ እኮ በ2013 ምርጫ አልተካሄደም። ማነው የቀባው?"

መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። እኛም መልስ አልነበረንም። ካርታውን ከአንድ የቴሌግራም ቻናል አንስተን፣ ሎጎአችንን ለጥፈንበት ለቀቅነው። ማን ሠራው? ከየትኛው ሰነድ ቀዳው? ብለን አልጠየቅንም። ፖስቱን አንስተነዋል፤ ለዚያች እህታችንም ምስጋናችን ይድረሳት። ማንሳት ብቻውን ግን አይበቃም። የእኛ ትውልድ ስለ አገሩ ምርጫና ሕዝበ ውሳኔ የሚያውቀውን አብዛኛውን ነገር የሚያውቀው በስልኩ ላይ ካያት ባለቀለም ካርታ ነው። ቁጥሩን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ጥቂት ነው፤ ካርታዋን ግን ሁሉም ያያታል፣ ያምናታልም። ቁጥር ሲዋሽ ቢያንስ ትጠራጠራላችሁ፤ ካርታ ሲዋሽ ግን "በዓይኔ አየሁት እኮ!" ነው የምትሉት።

እስቲ በዚያችው ካርታ እንጀምር።

ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው። ምርጫ ቦርድ ሐምሌ 3 ቀን ውጤቱን ሲያሳውቅ፣ ምርጫ የተደረገባቸው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች 436 ነበሩ። ከእነዚህ ብልጽግና 410 ወሰደ። አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 አገኙ። ጥቂት ቦታዎች ደግሞ ገና እልባት አላገኙም ነበር።

ምክር ቤቱ ግን 547 ወንበር ነው ያለው። ከ547 ላይ 436 ሲቀነስ 111 ይቀራል። ያ 111 ወንበር በዚያን ቀን ምንም ዓይነት ቀለም ሊኖረው አይችልም። የትግራይ 38 ወንበሮች በጦርነቱ ምክንያት ምርጫ አልነበራቸውም። ሶማሌና ሐረሪ ክልሎች፣ ከደቡብም የተወሰኑ ቦታዎች፣ የመረጡት መስከረም 20 ቀን 2014 ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ መተከልና ካማሺ በጸጥታ ምክንያት ቀርተው፣ በክልሉ ቀሪው ምርጫ የተካሄደው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2016 ላይ ነው። እንግዲህ "ስድስተኛው ምርጫ" የምንለው ነገር በአንድ ቀን ያለቀ ሳይሆን ሦስት ዓመት የተጎተተ ነገር ነው። ቀን ያልተጻፈበት ካርታ ደግሞ የትኛውን እንደሚያሳይ አይታወቅም። እኛ የለጠፍነው ሦስቱንም ቀላቅሎ፣ ያልተመረጠበትንም ጨምሮ፣ ሁሉንም ቀብቶት ነበር።

ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ለዚህ ቀላል ነገር አላቸው፤ ውሂብ የሌለበትን ቦታ ግራጫ ያደርጉታል፣ ወይም በሰያፍ መስመር ይሞሉታል። ከጎኑም ምክንያቱን ይጽፋሉ። ትግራይ ላይ ለምሳሌ ሁለት ነገር መጻፍ አለበት፦ በፌዴራሉ ምርጫ እንዳልተሳተፈች፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ጳጉሜን 2012 ላይ ክልሉ የራሱን የክልል ምክር ቤት ምርጫ እንዳካሄደና ፌዴሬሽን ምክር ቤት ኢ-ሕገ መንግሥታዊ እንዳለው። ወደዳችሁትም ጠላችሁትም ሆኗል። የሆነን ነገር ከካርታ መፋቅ የካድሬ ሥራ ነው፤ እኛ ደግሞ ካድሬ አይደለንም ስንል ነው የኖርነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ካርታው ሙሉ በሙሉ ትክክል ሆኖም ያሳስታል። ካርታ የሚያሳየው መሬት ነው፣ የሚመርጠው ግን ሰው ነው።

አዲስ አበባ በምክር ቤቱ 23 ወንበር አላት። ሶማሌ ክልልም 23 ወንበር አለው። በድምፅ ሲታይ እኩል ናቸው። ካርታው ላይ ግን ሶማሌ ክልል ከአገሪቱ ስፋት ወደ ሩብ የሚጠጋውን ይይዛል፤ አዲስ አበባ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነች በስልክ ስክሪን ላይ የጤፍ ፍሬ ታክላለች። አፋር ሰፊ ነው፤ 8 ወንበር ነው ያለው። ሐረሪ 2 ወንበር አለው፤ ካርታው ላይ ፈልጋችሁ ካገኛችሁት ጎበዝ ናችሁ።

አሁን ይህን ይዛችሁ 1997ን አስቡ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ሕዝቡ ከጎህ ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ጠቅልሎ ወሰደ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን። በአጠቃላይ ይፋ በሆነው ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር አገኙ። ውጤቱ ራሱ ምን ያህል እንዳወዛገበና ምን ያህል ደም እንዳስከፈለ ቤተሰቦቻችሁን ጠይቁ፤ እዚህ አንገባበትም። ካርታውን ብቻ እንይ። ያንን ውጤት እንደተለመደው በመሬት ስፋት ብትቀቡት፣ በዘመናችን ትልቁ የምርጫ ዜና፣ የዋና ከተማዋ ውሳኔ፣ በካርታው ላይ የለም ማለት ይቻላል። ነጥብ ነው። ጣት ቢያርፍበት ይሸፈናል። አንድ ልጅ ያንን ካርታ ብቻ አይቶ ቢያድግ "በ1997 ምን ተፈጠረና ነው ይህን ያህል የሚወራው?" ቢል አይፈረድበትም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ኮምፒውተርም አይፈልግም። የሒሳብ ካሬ ደብተር አውጡ። አንድ ካሬ አንድ ወንበር ይሁን። ለኦሮሚያ 178 ካሬ፣ ለአማራ 138፣ በቀድሞው አደረጃጀት ለደቡብ 123፣ ለትግራይ 38፣ ለሶማሌ 23፣ ለአዲስ አበባ 23፣ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ 9፣ ለአፋር 8፣ ለጋምቤላ 3፣ ለሐረሪ 2፣ ለድሬዳዋ 2። ደምሩት፣ 547 ይመጣል። ካሬዎቹን በተቻለ መጠን ክልሎቹ በሚገኙበት አቅጣጫ አቀማምጡና ከዚያ ቀለም ቀቡ። ቅርጹ ኢትዮጵያን ቁርጥ አይመስልም፤ እንዲያውም የተጨማደደች ትመስላለች። ግን አዲስ አበባ መሃል ላይ 23 ካሬ ይዛ ጉብ ትላለች፣ ሰፊው ምሥራቅም በድምፁ ልክ ይሰበሰባል። ከእኛ መሃል አንዱ ልጅ ይህን በሁለት ምሽት ሠርቶታል። የመጀመሪያውን ምሽት የጨረሰው ጋምቤላን የት እንደሚያስቀምጣት እያሰበ ነው።

ካሬውም ቢሆን የማያሳየው ነገር አለ። የእኛ የምርጫ ሥርዓት አብላጫ ድምፅ ያገኘው ሁሉንም ይወስዳል የሚል ነው። ግማሽ እንኳ ማግኘት አያስፈልግም። በአንድ የምርጫ ክልል አምስት ሰው ተወዳድሮ አንዱ 35 በመቶ ቢያገኝና ሌሎቹ ከዚያ ቢያንሱ፣ ወንበሩ የእሱ ነው። ካርታው ላይም ቦታው ሙሉ በሙሉ በእሱ ቀለም ይቀባል። 65 በመቶው መራጭ ቀለም የለውም። 90 በመቶ ያገኘው ጎረቤቱም ያው ያንኑ ቀለም ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ደህና ካርታ ቀለሙን ያደማምቃል፤ በጠባብ ልዩነት የተያዘውን ፈዛዛ፣ በሰፊው የተያዘውን ደማቅ ያደርገዋል። ልዩነቱ ሲታይ ነው ያ ቦታ ነገ ሊገለበጥ እንደሚችል የሚታወቀው።

ይህን ያላየ መንግሥት ራሱን እንደሚያታልል የ2007ን ያህል ምስክር የለም። ግንቦት 16 ቀን 2007 በተካሄደው ምርጫ ኢሕአዴግ 500 ወንበር ወሰደ፤ ቀሪዎቹን አጋር የሚባሉት ፓርቲዎች ያዙ። 547 ከ547። ያንን ካርታ ለመቀባት አንድ እርሳስ ይበቃል። ከስድስት ወር በኋላ፣ ኅዳር 2008 ላይ፣ ጊንጪ ላይ የተጀመረው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ። ሐምሌ ላይ ጎንደር ወጣ፣ ከዚያ ባሕር ዳር። ያ ሁሉ ሕዝብ በግንቦቱ ካርታ ላይ የት ነበር? እዚያው ነበር። ካርታው ግን አላየውም፤ የተሠራው ወንበር እንዲቆጥር ነዋ!

እዚህ ላይ የአንዳንዶቻችሁን ኮሜንት ከወዲሁ እንሰማዋለን፦ "ምርጫው ራሱ የተጭበረበረ ከሆነ ካርታው ቢስተካከል ምን ዋጋ አለው?" ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን አስቡት፤ ማጭበርበርን ማሳየት የሚቻለው በምንድነው? በጥቅሉ "ተጭበርብሯል" በማለት አይደለም። በየጣቢያው ያለውን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የዚህኛው ጣቢያ መራጭ ከተመዘገበው ሰው በለጠ፣ የዚያኛው መቶ በመቶ ወጣ፣ በሁለቱ መሃል ያለው ግን 60 በመቶ ነው፣ እያሉ በቦታው ማመልከት ነው። ይህ ካርታ ነው። ጥሩ ካርታ የሚያስፈልገን ምርጫውን ስላመንን ብቻ አይደለም፤ ስንጠረጥርም እሱው ነው መሣሪያችን።

ወደ ሕዝበ ውሳኔ እንምጣ። እዚህ ላይ ነገሩ ይከራል፤ ለዚህ ገጽ ተከታታዮችም በጣም የሚቀርበው ይሄኛው ነው።

የምርጫ ካርታ ማን አሸነፈ ይላል። የሕዝበ ውሳኔ ካርታ ደግሞ የወደፊቱን ድንበር ራሱን ያሰምራል። እና ከቀለሙ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ወረቀቱ ላይ የነበረው ምርጫ ምን ነበር? የተጠየቀውስ ማን ነው?

ኤርትራ ላይ ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከአንድ ሚሊዮን መቶ ሺህ በላይ ሰው "አዎ" አለ። "አይ" ያለው 1,822 ሰው ነው። 99.8 በመቶ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኤርትራውያንም ድምፅ ሰጥተዋል። የተቀረው የኢትዮጵያ ሕዝብ ግን አልተጠየቀም፤ ለተጠየቁትም ቢሆን የቀረበው ነጻነት ወይስ አይደለም የሚል ብቻ ነው፣ በፌዴሬሽን መኖር የሚል ሣጥን አልነበረም። አንድ ቀለም የተቀባ የኤርትራ ካርታ ይህን ሁሉ አይነግራችሁም። የኤርትራ ሕዝብ ነጻነትን አልፈለገም እያልን አይደለም፤ ቁጥሩ ቁልጭ ያለ ነው። የምንለው፣ ካርታው የሚመልሰው የተጠየቀውን ጥያቄ ብቻ ነው።

ሲዳማ ላይ ኅዳር 10 ቀን 2012 ሁለት ምልክት ነበር፤ ሻፌታ ክልል እንሁን፣ ጎጆ ደግሞ ከደቡብ ጋር እንቆይ ማለት ነው። 98.51 በመቶው ሻፌታን መረጠ። ካርታ ላይ ስናስቀምጠው ሲዳማ በሙሉ በአንድ ቀለም ድምቅ ይላል። ግን ጎጆን የመረጠው 33,463 ሰው ነበር። የአዲስ አበባ ስታዲየምን ለመሙላት ጥቂት ነው የሚጎድለው። የት ነው የሚኖረው? ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ምን ያህሉ፣ ገጠሩ ላይ ምን ያህሉ? በዞን ደረጃ የተቀባ ካርታ ያንን ሰው ያጠፋዋል። በቀበሌ ብንወርድ ግን ይታያል። አናሳ ድምፅ የት እንደሚኖር ማወቅ ደግሞ በኋላ ማን ሊገፋ እንደሚችል ከአሁኑ ማወቅ ነው።

ይቺን በቅንፍ እንበላት፦ ደርግ ጥር 24 ቀን 1979 የኢሕዲሪን ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ሲያቀርብ ይፋ የተደረገው ድጋፍ 81 በመቶ ነው። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ፍርሃት፣ 19 በመቶ የሚሆነው ሰው አልደገፈም ተብሎ በመንግሥት አፍ ተነገረ። ዛሬ 98 እና 99 ስንሰማ የማንደነቀው ለምዶብን ይሆን?

ከሁሉም ግን የወላይታው ያስተምራል። ጥር 29 ቀን 2015 በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ጋሞ፣ ጎፋ፣ ወላይታ፣ ጌዴኦ፣ ኮንሶ፣ ደቡብ ኦሞ፤ ከልዩ ወረዳዎች አማሮ፣ ቡርጂ፣ ባስኬቶ፣ ደራሼ፣ አሌ። ምልክቶቹ ነጭ እርግብና ጎጆ ቤት ነበሩ። እርግቧ በጋራ አዲስ ክልል እንመሥርት፣ ጎጆዋ በነበርንበት እንቆይ ማለት ነው። ወላይታ ላይ ግን ለዓመታት ሲጠየቅ የነበረው ሦስተኛ ነገር ነው፦ ብቻችንን ክልል እንሁን። ይህንን የሚወክል ምልክት ወረቀቱ ላይ አልነበረም። የዞኑን ውጤት ቦርዱ በተፈጸሙ ጥሰቶች ምክንያት ሰረዘውና ሰኔ 12 ቀን 2015 እንደገና ድምፅ ተሰጠ። በመጨረሻ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ካርታውም ተቀባ። ሦስተኛውን ነገር ልቡ ውስጥ ይዞ ተሰልፎ እርግብ ላይ ወይም ጎጆ ላይ ምልክት ያደረገው ሰው፣ ያ ካርታ ላይ ምን ዓይነት ቀለም አለው? እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ካርታ ሠሪው ቢያንስ ከሥር አንድ መስመር መጻፍ አለበት፦ ለሕዝቡ የቀረቡት አማራጮች እነዚህ ብቻ ነበሩ።

አሁን ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያነሳው ነገር፦ የመቁጠሪያው ልክ።

አሥር ቀበሌ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ አንድ ሺህ መራጭ አለው። በስድስቱ ቀበሌ 550 ሰው "ወደ ሀ እንካለል" አለ፣ 450 ሰው "ወደ ለ"። በአራቱ ቀበሌ ደግሞ 100 ሰው ብቻ "ሀ" ሲል 900ው "ለ" አለ። በየቀበሌው ብትቆጥሩ "ሀ" 6 ለ 4 አሸነፈ፤ ስድስቱ ወደዚያ አራቱ ወደዚህ ሄዱ ማለት ነው። አሥሩን ቀበሌ አንድ ላይ ብትቆጥሩ ግን "ሀ" 3,700፣ "ለ" 6,300፤ ሁሉም ወደ "ለ" ሄዱ። አንድም ሰው ሐሳቡን አልቀየረም፣ አንድም ወረቀት አልተሰረቀም። የተቀየረው መስመሩ የተሰመረበት ቦታ ብቻ ነው።

ይሄ የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም፤ እኛው አገር ሁለቱም ተሠርተዋል። ሲዳማ ላይ ሐዋሳን ጨምሮ ዞኑ እንደ አንድ ነው የተቆጠረው። በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ድንበር ላይ ግን ጥቅምት 1997 የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ቀበሌ በቀበሌ ነበር፤ በ12 ወረዳዎች፣ 420 ገደማ ቀበሌዎች። በይፋዊው ውጤት ከአወዛጋቢዎቹ ቦታዎች 80 በመቶ ያህሉ ወደ ኦሮሚያ ተካለሉ። ወረቀቱ ላይ ጉዳዩ አለቀ። መሬት ላይ ግን አላለቀም፤ በ2010 በዚያው ወሰን ላይ በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከሁለቱም ወገን ቤቱን ጥሎ ወጣ። የቅማንትን የራስ አስተዳደር በተመለከተ መስከረም 7 ቀን 2010 የተደረገውም ቀበሌ በቀበሌ ነበር፤ ድምፅ ከሰጡት 8 ቀበሌዎች ሰባቱ በነበረው አስተዳደር ለመቆየት መረጡ፣ አንዱ ወደ ቅማንት አስተዳደር። እዚያም ጣጣው በድምፁ አልተዘጋም። ቀበሌ በቀበሌ ሲቆጠር ካርታው ዝንጉርጉር ይሆናል፤ አንዷ ቀበሌ በሌላ ተከባ ትቀራለች። መንገዱ፣ ውሃው፣ ገበያው ግን እንደ ካርታው አይቆራረጥም።

ይህን ሁሉ የምናወራው ለታሪክ ብለን አይደለም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም አወዛጋቢ የተባሉት አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታል ተባለ። ከዚያ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት ደጋግሞ ሕዝበ ውሳኔ ሲል ሰምተናል። በወልቃይትና በራያ ላይ የዚህ ገጽ አቋም ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ አንደግመውም። የዛሬው ጥያቄያችን ከዚያ በፊት የሚመጣው ነው። መራጭ ሆኖ የሚመዘገበው ማን ነው? ዛሬ እዚያ ያለው፣ የተፈናቀለው፣ ከ1983 በፊት የነበረው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው? የሚቆጠረው በቀበሌ ነው፣ በወረዳ፣ ወይስ በሙሉ? ወረቀቱ ላይ ስንት አማራጭ ይኖራል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 የወሰን ክርክር ክልሎቹ ካልተስማሙ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ ይወስናል ይላል። "አሰፋፈር" የሚለው ቃል በየትኛው ዓመት አሰፋፈር እንደሆነ አይናገርም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ያኔ ገና ልጆች ነበራችሁ። አራተኛው ቆጠራ ቀጠሮው እየተራዘመ ቀርቷል።

እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ በየቀኑ ቴሌግራም ላይ የሚዞረው "የሕዝበ ውሳኔው ውጤት ይህን ይመስላል" የሚል ካርታ ምንድነው ታዲያ? ገና ያልተጠየቀ ሕዝብ መልስ! በሁሉም ወገን አለ። የእኛ ወገን የሠራውንም አይተናል፣ ተደስተንበታልም፣ እንዋሽ ካላልን በስተቀር። ግን የሌላው ወገን ወጣትም የራሱን ካርታ ይዞ እኩል ተደስቷል። ሁለቱ ካርታዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚከፍለው የለጠፈው ልጅ አይደለም፤ መስመሩ ላይ የሚኖረው ገበሬ ነው።

ስለዚህ ይህ ገጽ ከዛሬ ጀምሮ ምንጭ፣ ቀንና የመቁጠሪያ ልክ ያልተጻፈበት ካርታ አይለጥፍም። እናንተም ስትልኩልን እነዚህን ጻፉ። "ከአንድ ግሩፕ ያገኘሁት" ምንጭ አይደለም።

ከዚህ በላይ ደግሞ መሥራት እንችላለን። በ2013 ምርጫ ማግስት በየጣቢያው በር ላይ የውጤት ቅጽ ተለጥፎ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ በስልክ አንስታችኋል። ያ ፎቶ ስልካችሁ ውስጥ ካለ አታጥፉት። የጣቢያው ስም፣ ወረዳውና ቁጥሮቹ በግልጽ የሚነበቡ ከሆነ በኢንቦክስ ላኩልን። የሰው ፊት ካለበት ሸፍኑት፤ ፊርማና ስልክ ቁጥርም እንዲሁ። ፓርቲያችሁ የተሸነፈበትን ጣቢያ ፎቶም ላኩ፤ እንዲያውም እሱን አስቀድሙ። አንድ ሺህ ቅጽ ቢሰበሰብ እንኳ የአገሪቱን ውጤት አይነግረንም፣ እንዲያ ብለንም አንለጥፈውም። የአንድ ሺህ ጣቢያ ውጤት ብለን ነው የምንለጥፈው።

ኮምፒውተር የምትችሉ ልጆች ኪውጂአይኤስ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር አውርዱና ተለማመዱ። ሥራው ከሚመስለው ይልቅ አሰልቺ ነው። ከጊዜው ትልቁን የሚበላው ቀለም መምረጥ ሳይሆን ስም ማመሳሰል ነው። የውጤቱ ሰንጠረዥ አንድ ወረዳን በአንድ ዓይነት ፊደል ይጽፋል፣ የካርታው ፋይል በሌላ። ጎሮ የሚባል ወረዳ ባሌም አለ፣ ደቡብ ምዕራብ ሸዋም አለ፤ ኮምፒውተሩ የትኛው እንደሆነ አያውቅምና አንዱን ውጤት ወስዶ ሌላው ላይ ይለጥፈዋል። ለሁለት የተከፈለ ወረዳ ደግሞ በድሮው ፋይል ላይ አንድ ሆኖ ይቀራል። ከስህተት ካርታዎች ብዙዎቹ የተንኮል ሳይሆኑ የዚህ ዓይነት ናቸው።

ቅዳሜ ማታ የ1997ን ውጤት በካሬ ካርታ እንለጥፋለን፤ ከሥሩ ቁጥሮቹን፣ ያልተስማማንባቸውን ቦታዎችና ድጋሚ ምርጫ የተደረገባቸውን ለይተን። ስህተት ያገኘ ኮሜንት ላይ ይጻፍ፤ እንደዚያች እህታችን ባጭሩ ቢሆን ደስ ይለናል። ፎቶ የምትልኩም ሐዋሳን በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፉልን፤ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ እያላችሁ ከላካችሁ ኮምፒውተሩ ሦስት ከተማ ነው የሚለው።